ያገለገለ መኪናና የሞተር ዘይት፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መካኒክ አይደለሁም። ቤቴ ደሴ፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ ነው። አንዲት ያረጀች ኮሮላ ይዤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ሀረጎን፣ ስወርድ ስወጣ ዓመታት ተቆጠሩ። ሞተሯ እስካሁን አልወረደም። ይህን የሰማ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ ቡና ላይ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብሰብ አድርጌአቸዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለንን መኪና እያስታመሙ መክረም ግድ ሆኗል።

ያገለገለ ቪትዝ ገዛሁ። የትኛውን ዘይት ላድርግለት?

መጀመሪያ የመኪናው መጽሐፍ የሚለውን ነው። መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ካለም በጃፓንኛ ነው። ስለዚህ ኮፈኑን ይክፈቱና የዘይት መሙያውን ክዳን ይዩ። አንዳንድ ቶዮታዎች ላይ የዘይቱ ቁጥር እዚያው ክዳኑ ላይ ተቀርጿል።

ለአብዛኞቹ ቪትዝ፣ ያሪስና አዳዲስ ኮሮላዎች 5ደብልዩ-30 ይስማማቸዋል። ዕድሜው ገፍቶ ዘይት መብላት ለጀመረ ሞተር 5ደብልዩ-40 ወይም 10ደብልዩ-40 ይሞክሩ። ዘይት ሻጭ ጋ ሄደው ዝም ካሉ «ሃያ ሃምሳ ውሰድ፣ ለአሮጌ መኪና እሱ ነው» መባልዎ አይቀርም። 20ደብልዩ-50 ለድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ያስኬዳል። ቪቪቲአይ ላለው ሞተር ግን አይመቸውም። ይህ ቪቪቲአይ የሚባለው ነገር የቫልቮቹን ሰዓት የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ የሚያልፈው በቀጫጭን ቀዳዳዎችና በትንሽ ወንፊት በኩል ነው። ወፍራም ዘይት እዚያ ይንቀራፈፋል።

መጠኑ? እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ከፊልትሮው ጋር ከ3 እስከ 4 ሊትር ይይዛሉ። ባለ 4 ሊትሩን ጋሎን አንቆርቁሮ መጨረስ ግዴታ አይደለም። ተርፎ ቤት ይቀመጥ።

ቁጥሩ ከፍ ሲል ዘይቱ ይሻላል ማለት ነው?

አይደለም። ይወፍራል እንጂ።

ደብልዩዋ በፈረንጅ አፍ የብርዱን ወቅት ታመለክታለች። ከእሷ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ ሲበርድ እንዴት እንደሚሆን ይነግረናል። ባለ 5ቱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ፣ ባለ 15ቱ ከዜሮ በታች 20 ላይ፣ ባለ 20ው ከዜሮ በታች 15 ላይ ይፈተናሉ። ደሴ የፈለገውን ያህል ብትበርድ እዚያ አትደርስም። ስለዚህ የትኛውም ዘይት እዚህ ረግቶ አያድርም። ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሞተር ሲያስነሱ ወፍራሙ ዘይት እንደ ማር እየተጎተተ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ቫልቮቹ ጋ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ያቺን የመጀመሪያዋን የ«ቀጭ ቀጭ» ድምፅ ሰምተዋታል? እሷ ናት።

ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲግል ያለው ውፍረት ነው። 40 ከ30 ይወፍራል፣ 50 ደግሞ ከ40። በቃ።

ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል። ሁለት ዓይነት ዘይት ያስፈልገኛል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ብዛቱ! አብሽሩ፣ አያስፈልግም። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ጃኬት ያስወልቃል። ሞተሩ ግን ከሞቀ በኋላ ሁለቱም ከተማ ላይ በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። ቴርሞስታቱ ነው እዚያ ላይ የሚያቆየው።

ጭነው በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ሰመራ የሚወርዱ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ራዲያተሩም ይጨነቃል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ሁለተኛው ቁጥር 40 የሆነውን ይምረጡ።

ጋሎኑ ላይ ያሉት ኤስኤን፣ ኤስፒ፣ ሲአይ-4 የሚባሉት ፊደላትስ?

ከብራንዱ ስም በላይ እነሱን ይዩ። ኤፒአይ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም የሚሰጠው ደረጃ ነው። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ሁለተኛው ፊደል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤን በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። አዲሱ ለአሮጌው ሞተር ይሆናል፤ አሮጌው ለአዲሱ አይሆንም።

ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ ዘይት ካዩ ጀርባውን ያንብቡ። ኤስኤፍ የሚል ከሆነ ከ1988 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም ተብሎ የተተወ ደረጃ ነው። ርካሽነቱ ወዲያው ይገባዎታል።

በስንት ኪሎ ሜትር ልቀይር? አንዱ 3,000 ይላል፣ አንዱ 10,000 ይላል።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ራሳቸው መኪና ነው።

ቶዮታ አገሩ ጃፓን ላይ ተርቦ (ወደ ሞተሩ አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ለሌለው የቤንዚን መኪና የሚሰጠው ቀጠሮ 15,000 ኪሎ ሜትር ወይም 1 ዓመት ነው። ይህን ሰምተው ደስ እንዳይልዎ። ያው ቶዮታ «ከባድ አጠቃቀም» ለሚለው በግማሽ ይቆርጠዋል፤ 7,500 ወይም 6 ወር። ከባድ አጠቃቀም ምንድን ነው? ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት መንገድ። አቧራ። ከ8 ኪሎ ሜትር የማያልፍ፣ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ የሚያልቅ ጉዞ። ዝርዝሩን ሳነበው ደሴን እያዩ የጻፉት ነው የመሰለኝ። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ከሰኞ ገበያ ቤት፣ ሁሉም ዳገት፣ ሁሉም አጭር።

ከፍታውንም ይጨምሩበት። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ገደማ ያጣል። እኛ ደግሞ ያጣውን ለማካካስ ነዳጁን እንረግጣለን። ካርቡሬተር ያላቸው የድሮ መኪኖች ከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛሉ። ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

የነዳጅ ሰልፉንስ? ሞተር እያስነሱ ሁለት ሁለት ሜትር የሚጠጉበት ሰዓት ዳሽቦርዱ ላይ ኪሎ ሜትር ሆኖ አይቆጠርም። ዘይቱ ግን ይቆጥረዋል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሚኒራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ ተራ) ዘይት ከሆነ ከ4,000 እስከ 5,000 ኪሎ ሜትር። ፉል ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ) ከሆነ እስከ 7,000። ሁለቱም ቢሆን ከ6 ወር አያልፍም፤ መኪናዋ ቆማ ብትከርምም። 3,000 ላይ መቀየር ሞተር አይጎዳም፣ ኪስ ነው የሚጎዳው። ለዲኤክስና ለካርቡሬተር መኪና ግን 3,000 የሚሉት አዛውንት ሾፌሮች ልክ ናቸው።

መኪናውን ገና መግዛቴ ነው። ሻጩ «ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ» ብሎኛል።

ይቀይሩት። ሻጩ ውሸታም ነው አላልኩም። ግን ምን ዘይት እንዳለበት አያውቁም። መኪና ሊሸጥ ሲል ድምፁና ጭሱ እንዲደበቅ በጣም ወፍራም ዘይት መጨመር የቆየ ዘዴ ነው። ለዚህ ነው መኪና ሲያዩ በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ መሄድ ያለብዎት። ሻጩ «አሙቄ ጠብቄሃለሁ» ካለ ነገ ይመለሱ።

ዘይትና ፊልትሮ ወዲያው ቀይረው ከ1,000 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግመው ይቀይሩ። የመጀመሪያው ዙር ያጠባል፣ ሁለተኛው ይሠራል።

አንዲት ነገር ላሳይዎ። ከጃፓን የመጡ መኪኖች የበሩ ጠርዝ ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ሊኖር ይችላል። ዘይት ሲቀየር ጋራዡ የለጠፈው ነው። ፊደሉ አይነበብም፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል፤ ቀንና ኪሎ ሜትር። ዓመቱ 26 ካለ እንዳይደነግጡ። የንጉሣቸው ዘመን አቆጣጠር ነው። በሄይሴይ ዘመን ከሆነ 1988 ይደምሩበት፤ 2014 እ.ኤ.አ. ይሆናል፣ በእኛ 2006 ወይም 2007። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዘመኑ ሬይዋ ስለሆነ 2018 ነው የሚደመረው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን የሚያገኙት ጋቢና ተሳፋሪው በር ላይ ነው፤ የጃፓኑ ሾፌር እዚያ ነበር የሚቀመጠው። አንድ ወዳጄ ይህን ወረቀት አገላብጦ አየና ኪሎ ሜትሩ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው በ40,000 በልጦ አገኘው። ኪሎ ሜትሩ የተቀነሰ መኪና ማለት ነው። ዋጋ አስወርዶ ገዛው።

ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። ሞተሩ መውረድ አለበት?

አይቸኩሉ። ሀረጎ ራሱ ይመረምርልዎታል፤ በነፃ።

ሞተሩን በደንብ አሙቀው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይውረዱ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ እግርዎን ከነዳጁ አንስተው ይሂዱ። በዚህ ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ያለው አየር የመሳብ ኃይል ከፍተኛ ነው። የቫልቮቹ ጎማ ካረጀ ዘይት በዚያ በኩል ሾልኮ ይገባል። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ሲጀምር ነዳጅ ይርገጡና በመስታወት ወደ ኋላ ይዩ። አንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ካዩ ችግሩ የቫልቭ ጎማ ነው። እሱን ለመቀየር ሞተር አይወርድም።

አሁን ይመለሱ። ዳገቱን ሲወጡ፣ ሞተሩ ጭነት ላይ እያለ፣ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። እሱ ሌላ ወሬ ነው፤ ገንዘብ ያዘጋጁ።

ደሴ ላይ በጠዋት የሚታየው ነጭ እንፋሎት በሽታ አይደለም። ማርሚታው ውስጥ ያደረ እርጥበት ነው፣ ሲሞቅ ይጠፋል። ጥቁር ጭስ ደግሞ የነዳጅ መብዛት እንጂ የዘይት ጉዳይ አይደለም።

ዘይት መብላቱን በዓይን ሳይሆን በቁጥር ይያዙት። ቶዮታ ራሱ በመጽሐፎቹ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ሊበላ ይችላል ይላል። ለእኔ ያ በዛ። የእኔዋ በ2,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ትበላለች፤ እየጨመርኩላት ተስማምተን እንኖራለን።

ዘይቱን መቼና እንዴት ልለካ?

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የተሳሳተ ዘይት የገደለው ሞተር ብዙም አላየሁም። ዘይት አልቆበት የሞተ ግን በእጄ ጣት ቆጥሬ አልጨርሰውም።

በየሳምንቱ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ይለኩ። መኪናው ሜዳ ላይ መቆም አለበት። ደሴ ላይ ሜዳ ከየት ይመጣል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አፍንጫው ወደ ዳገት ሆኖ ከቆመ መኪና ላይ የተለካ ዘይት ይዋሻል፤ ወይ የሌለ ይመስላል ወይ የሞላ። እኔ ደጃፌ ላይ ለክቼ አላውቅም። ኮምቦልቻ ስደርስ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው የምለካው። ሞተሩን አጠፋለሁ፣ አንድ ስኒ ቡና እጠጣለሁ፣ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ መልሼ እስከ መጨረሻው አስገብቼ እንደገና አወጣለሁ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። በብዙ ትንንሽ መኪኖች ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት 1 ሊትር ገደማ ነው። ከላይኛው ማለፍም ጥፋት ነው፤ ክራንኩ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም።

ይህን የተማርኩት በጉዳት ነው። አንድ ማታ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሀረጎ ጠመዝማዛው ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ አለች። መንገዱ ሲቃና ጠፋች። በሚቀጥለው መታጠፊያ ደግሞ ብልጭ። «ሽቦ ነው» አልኩ። ሽቦ አልነበረም። ዘይቱ ከማነሱ የተነሳ መኪናዋ ስትታጠፍ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይስባል። በማግስቱ ስለካው መለኪያው ጫፉ ብቻ ነው የረጠበው። ኩሽኔታው ለምን እንዳልተበላ ዛሬም ይገርመኛል። ቀይዋ መብራት የምታወራው ስለ ግፊት ነው፤ በርታ የምትቆይ ከሆነ እዚያው ጥግ ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። «ቤት ልድረስ» የለም።

ዘይቱ ጠቆረ። ልቀይረው?

ጥቁረት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ዘይት ቆሻሻ አጥቦ ሲይዝ ይጠቁራል፣ ሥራው ነው። የናፍጣ መኪና ላይማ በቀየሩ ማግስት ይጠቁራል።

ክዳኑ ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር አገኘሁ። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሄደ?

ላይሄድ ይችላል። ደሴ ላይ በብርድ ወቅት አጫጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ክዳኑ ሥር እንዲህ ያለ ክሬም ይሠራል። እርጥበት ነው። ጠርገው ኮምቦልቻ ደርሰው ይመለሱ። ክሬሙ እንደገና ካልታየ ችግር የለም። የመለኪያው ዘንግ ላይ ራሱ ያ ቀለም ከታየና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ግን መኪናውን አያንቀሳቅሱ። ያኔ መካኒክ ይጥሩ።

ሚኒራል የለመደ ሞተር ሲንተቲክ ቢደረግበት ያፈሳል ይባላል። መቀላቀልስ?

አሮጌ ጎማ ካለው ሊያፈስ የነበረውን ያሳይ ይሆናል እንጂ ሲንተቲኩ ቀዳዳ አይበሳም። ደረጃቸውን የጠበቁ የሞተር ዘይቶች እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። መንገድ ላይ ከጎደለብዎ ያገኙትን ይጨምሩ። ባዶ ከመሄድ ይሻላል።

ሞተሩን በናፍጣ ላሳጥበው?

አይሆንም። ናፍጣ ያላቀቀው ጭቃ ተጠራቅሞ የፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። ዘይቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መቀየር ቀስ አድርጎ ያጥብልዎታል።

ፊልትሮ በየሁለት ዙሩ ቢቀየር ምን ችግር አለው?

በየዙሩ ይቀየር። አሮጌው ፊልትሮ ውስጥ የቀረው ቆሻሻ ዘይት ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። ንጹሕ ገላ ላይ የቆሸሸ ሸሚዝ መልበስ ነው።

ሲቀየር ደግሞ ቆመው ይዩ። አንድ ጊዜ ሥራ ስለበዛብኝ መኪናዋን ጋራዥ ትቼ ሄድኩ። ማታ ከፈልኩ፣ ወሰድኩ። ከአራት ቀን በኋላ ሥሯ ገብቼ ሳይ ፊልትሮው ያው አሮጌው ነው፤ በቤንዚን ታጥቦ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። የጎኑን ጭረት አውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲሱ ላይ ቀኑን በማርከር እጽፋለሁ። አሮጌው ሲፈታ የጎማው ቀለበት አብሮ መውጣቱንም አያለሁ። ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ ዘይቱን መንገድ ላይ አራግፎ ይጨርሰዋል።

ዶልፊን ሚኒባስ አለኝ፣ ናፍጣ ነው። ምን ይለያል?

በሲ የሚጀምረውን ደረጃ ይፈልጉ፤ ሲአይ-4 ለብዙዎቹ ይበቃል፣ 15ደብልዩ-40 የተለመደው ነው። ተርቦ ካለው ሀረጎን ጭኖ ወጥቶ ደሴ መግቢያ ላይ ወዲያው ሞተር ማጥፋት የለም። ተርቦው እንደጋለ ነው፣ ዘይቱ ውስጡ ይቃጠላል። አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ያሠሩት። ረዳቱ ሂሳብ እስኪቆጥር ማለት ነው።

ካምቢዮ ውስጥም ያንኑ ዘይት ላድርግ?

በፍጹም። አውቶማቲክ ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው። ብዙ ቪትዞች ላይ ያለው ሲቪቲ የሚባለው ካምቢዮ ደግሞ ከተራው አውቶማቲክም የተለየ ነው፤ ከተሳሳቱ ካምቢዮ ነው የሚገዙት።

ዘይቱ ትክክለኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከማደያ ወይም ከሚያውቁት ሱቅ ይግዙ። የክዳኑ ቀለበት ሲከፍቱት «ጠቅ» ብሎ መበጠስ አለበት። ጋሎኑ ከተቧጨረ፣ ወረቀቱ ከተጨማደደ፣ ዋጋው ከጎረቤት ሱቅ በጣም ከወረደ ይለፉት። አስመሳይ ዘይት የሚሞላው በአብዛኛው በእውነተኛ ባዶ ጋሎን ነው። ያ ጋሎን ከእኔና ከእርስዎ እጅ ነው የሚወጣው።

የተቃጠለውን ዘይት የት ልድፋው?

ቦይ ውስጥ አይድፉ። የደሴ ቦይ ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ ቦርከና ደግሞ በኮምቦልቻ አልፎ ማሳ ያጠጣል። ፈላጊ ሞልቶለታል፤ እንጨት ምስጥ እንዳይበላው የሚቀቡት ብዙ ናቸው። የእኔን አንድ አጥር የሚያጥሩ ጎረቤቴ ይወስዱታል። በዘይቱ ጋሎን ሞልቼ እሰጣቸዋለሁ፣ ግን መጀመሪያ የጎኑን ወረቀት በቢላ ፍቄ አነሳለሁ። ክዳኑን ደግሞ እኔ ጋ አስቀራለሁ፤ አፉን በፌስታል ያስሩታል።